የእማዬ መደብ

ለጓሮ አትክልት ሠርቶ ማሳያው መደብ አፈር ያጠረ ጊዜ አሠልጣኟ ከቤቷ አመጣች። ከየት ነው ብሎ የጠየቃት የለም፤ አፈር አፈር ነው። እውነቱ ግን እናቷ ሁለት ዓመት ታማ የተኛችበት፣ ኋላም የሞተችበት የጭቃ መደብ ነበር። ልጅየዋ መደቡን ማየቱ ሲያቅታት በዶማ አፈረሰችው፣ በጆንያ ሞላችውና ማሠልጠኛው ግቢ ደፋችው። ከመደብ ወደ መደብ፣ ምን ክፋት አለው? ብላ ራሷን ሸነገለች።

በሞተችበት ቀን እናትየው «ልጄ፣ ውሃ» ብላ ተጣርታ ነበር። ልጅየዋ ጓሮ ጎመን ስትኮተኩት አንድ መስመር ቀርቷት ነበርና «መጣሁ!» አለች። መስመሩን ጨርሳ ስትገባ እናቷ ፊቷን ወደ በሩ እንዳዞረች አርፋለች። ከንፈሯ ደርቋል። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

የምታሠለጥናቸው ስምንት በጎ ፈቃደኞች ጎረቤቶቻቸውን የጓሮ አትክልት ሊያስተምሩ ነውና፣ አሠልጣኟ ብታስነጥስ እንኳ ደብተራቸው ላይ የሚያሰፍሩ ሴቶች ነበሩ። ሰላጣውን አብረው ዘሩ። በሳምንቱ ሁሉም በቀለ፣ መሃሉ ሲቀር። ባዶው ራስ አለው፣ ትከሻ አለው፣ የታጠፈ ጉልበት አለው። በጎኗ የተኛች ሴት ልክ ነው። አሠልጣኟ «ዘሩ ነው የተበላሸው» ብላ ደግማ ዘራችበት። አልበቀለም።

በወሩ ሳቂታ የሚሏትን ፈቃደኛ አስከትላ ጎረቤቶቹ ያለሙትን ልታይ ወጣች። በመጀመሪያው ጓሮ፣ ሰላጣው መሃል፣ ያቺው ሴት ተኝታለች። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች አሠልጣኟ።

«እንዴ እትዬ! እርስዎ መደብ ላይ ያየነው ነዋ። መሃሉን ሳይዘሩ እንዲተዉት አስተማርናቸው።» ሳቂታ ሳቀች። «ውሃም በመጀመሪያ እዚያ ነው የሚፈሰው።»

«ማን ነው እንደዚህ አድርጉ ያላችሁ?»

«እርስዎ ነዎታ! ጠዋት ጠዋት መደቡን ስንኮተኩት ከኋላችን ‹ልጄ፣ ውሃ› ይሉን የለ?»

አሠልጣኟ በዕድሜዋ ማንንም «ልጄ» ብላ አታውቅም።

ሳቂታን ትታ ብቻዋን ወደ ማሠልጠኛው ተመለሰች። ቀትር ነው፣ ግቢው ጭር ብሏል። ባዶው ላይ ጠዋት ያልነበረ ክንድ ወደ እሷ ተዘርግቷል። ፈራች፤ ከፍርሃቷ ግን ጸጸቷ ባሰ። ኩባያ ሙሉ ውሃ ቀድታ ተንበረከከችና በባዶው ራስ በኩል አፈሰሰች። አፈሩ ግጥም አድርጎ ጠጣው። ደገመችለት፣ ያንንም ጠጣ።

«ይቅር በይኝ» አለች እያለቀሰች። «አንድ መስመር ነበር የቀረኝ።»

ልጅ ሳለች እንደምትጣራው «እማዬ!» ብላ ጮኸች።

ከአፈሩ ሥር፣ እጇን ሥራ እንደያዘው ሴት በጥድፊያ፣ የእናቷ ድምፅ መለሰ።

«መጣሁ!»