የሲስተር ጥያቄ

«ለቀስተኛው እስኪበተን ሚጣ እናቴ ቤት ትሰንብት» አለች ሚስቱ፣ የረጠበውን ፍራሽ በእግሯ ወደ በሩ እየገፋች።

ሟች እናቱ ናቸው፤ በሕፃናት ክሊኒክ ያረጁ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» የሚላቸው ነርስ። ከተቀበሩ ሳምንት አልሞላቸውም። ዘመድ አዝማዱ ሳሎን ውስጥ በተነጠፈ ፍራሽ ጎን ለጎን ያድራል። አልጋ ማርጠብ ከተወች ዓመት ያለፋት የሰባት ዓመት ልጁ ሚጣ ዛሬም አርጥባ ተነሣች። የሟች ታላቅ እህት፣ እኛ በዚህች ዕድሜ ወንድም አዝለን ነበር፤ የነርስ የልጅ ልጅ እንዲህ ስትሆን ለሟችም ስድብ ነው እያሉ ለጎረቤት ያንሾካሽካሉ። ሚጣ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አንግታ ቆማለች፤ ቀና ብላ ማንንም አታይም።

እርሱ ያስታወሰው በልጅነቱ እናቱን ይጠብቅበት የነበረውን ክሊኒክ ነው። ወላጆች ልጃቸውን እየጎተቱ እንደ ከሳሽ ይገቡ ነበር። ሲስተር ልጁን በራሳቸው ወንበር ያስቀምጡና ፊታቸውን ወደ ወላጆቹ መልሰው፣ «ከሁለታችሁ አልጋ ያረጥብ የነበረው ማነው?» ይላሉ። አንድ ጊዜ አንገቱ ግንድ የሚያህል የጭነት መኪና ሹፌር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔ፤ አራተኛ ክፍል እስክገባ» አለ። ልጁ ሣቁን መቆጣጠር አቃተው፤ አባትየውም ተከተለው። ምክሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ውኃውን በቀን ይጠጣ፤ ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት ይሂድ፤ ዱላና ስድብ ግን ይቅር፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው አይከሰስምና። ትቶ ከርሞ እንደገና የጀመረ ልጅ ሲመጣ ደግሞ ሽንቱን ያስመረምሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንዲት ነገር ይጠይቃሉ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፈጣሪ ከሰጣቸው ጥበብ የሚበልጠው በዚያች ጥያቄ ውስጥ ነበር።

«ቤታችን ውስጥ ምን ተለወጠ?» አለ እርሱ፣ የእናቱን ጥያቄ ሳያስበው ድምፁን አውጥቶ።

አክስቱ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ መለሱ። ሚስቱም ቀስ ብላ ቦርሳውን ከሚጣ ትከሻ አወረደች።

«የትም አትሄድም» አለ። «ነገ ክሊኒክ እወስዳታለሁ፤ ዛሬ እዚሁ ትተኛለች።»

«በየትኛው ፍራሽ፣ ልጄ?» አሉ አክስቱ፤ ድምፃቸው ለስልሷል።

«በእማዬ አልጋ።»

ከቀብሩ ወዲህ ያንን ክፍል የከፈተው አልነበረም። እናቱ መጨረሻ የተኙበትን አንሶላ ገፈፈና ፊቱ ላይ አድርጎ ጥቂት ቆየ። ከዚያም በፍራሹ ላይ ላስቲክ ዘረጋ፤ ንጹሕ አንሶላ አለበሰው፤ ማዕዘኖቹንም እንደ ነርስ አጥፎ፣ ወጥሮ፣ ወደ ሥር ከተታቸው።