ለስንብት የተተወ ጠርሙስ

እትዬ ክኒኑን ለልጃቸው ሰጥተዋት ይሆን? ተጓዧ የተሳፈረችበት አውቶቡስ፣ በእንግድነት ካረፈችበት ከእትዬ ቤት ከራቀ ሦስት ሰዓት አልፎታል።

ሩቅ አገር ስትማር ሻንጣ ማቅለል ለምዳ፣ ክኒኖቿን ሁሉ በአንድ ጠርሙስ ትይዛለች። ካረፈችበት ቤት ደግሞ የሚረባ ነገር ሳትተው መውጣት አይሆንላትም። ጠዋት ስትሰናበት የእትዬን ትንሽ ልጅ ትኩሳት ይዟት አየችና፣ የቀረው የትኩሳት ማስታገሻ ብቻ መስሏት ጠርሙሱን አውጥታ ለእትዬ ሰጠች።

“ሲያተኩሳት ግማሽ ፍሬ ይስጧት፣ እትዬ።”

“ውይ የኔ ልጅ! በእንግድነት መጥተሽ ሐኪማችን ሆንሽ?” ብለው ሳቁ።

አሁን ኪሷን ስትፈትሽ የእንቅልፍ ክኒን ባዶ ማሸጊያ እጇ ላይ ወጣ። ክው አለች። ስድስቱን የእንቅልፍ ክኒኖች እዚያው ጠርሙስ ውስጥ ጨምራቸው ነበር፤ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ክብ።

“ሹፌር፣ ወራጅ አለ!” ብላ ጮኸች።

“እህቴ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነን። ክንፍ ካለሽ ውረጂ!” አላት። ተሳፋሪው ሳቀ።

ደወለች። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ደግማ ደወለች። ከዚያ መልእክት ጻፈች፦ “እትዬ፣ ክኒኑን እንዳይሰጧት! የእንቅልፍ መድኃኒት ተቀላቅሎበታል። ሰጥተዋት ከሆነ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።”

መልእክቱ መድረሱን ስልኩ አሳያት። አምስት ቀን ቤታቸው ስትቀመጥ፣ እትዬ ማንበብ ይችሉ እንደሆነ አልጠየቀችም። በሚቀጥለው ከተማ ወርዳ የመመለሻ መኪና እስክትሳፈር ድረስ ዓይኗን ከስልኩ አልነቀለችም፤ መልስ ግን አልመጣም።