ቢልቂስ ያዘዘችው ቴሌቪዥን

«እስቲ አንዴ ራቅ በሉልኝ!» አለ ባለሱቁ ተውፊቅ፣ ላስቲኩን ከቴሌቪዥኑ ፊት ላይ በሁለት እጁ እየላጠ። «እንዲህ ያለው ዕቃ ከቅርብ አይታይም። ስልሳ አምስት ኢንች ነው እኮ! ደሴ ውስጥ ይሄን ቤታቸው ያስገቡ ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ።»

አብዱልባሲጥ እናቱን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ኋላ መለሳቸውና ባለሱቁ ያቀረበው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ኡሙሰልማ ከመቀመጣቸው በፊት የወንበሩን ጠርዝ በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ልጃቸው ይህን ልብ አላለውም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ክር ሲፈትል አድሮ በጠዋት ሚኒባስ የመጣ ሰው ነው፤ እንኳን የእናቱን እጅ የራሱንም እግር በቅጡ የሚያይ አልነበረም።

ቴሌቪዥኑን ያዘዘችው ታናሽ እህቱ ቢልቂስ ናት። ሪያድ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ጁምዓ ጁምዓ ለእናቷ በቪዲዮ ትደውላለች። እናት ደግሞ ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ ዝቅ አድርገው፣ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስደግፈው፣ «ይቺ ስልክ ትንሽ ናት ልጄ፣ ደህና አድርጌ አላይሽም» ይሏታል። ቢልቂስ ይህን ደጋግማ ስትሰማ ጊዜ፣ «ትንሽ ከሆነችባትማ ትልቅ ይገዛላታ!» ብላ ተነሣች። ገንዘቡንም ላከች።

አብዱልባሲጥ ነገሩ አልተዋጠለትም ነበር። የሆጤው ቤታቸው ጣሪያው ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈሳል። እሱ ዓመት ሙሉ ቢፈትል ይህን ዕቃ አይገዛውም። ለአንድ መስታወት ይህን ያህል ብር ማፍሰስ ምን የሚሉት እብደት ነው? ይህንኑ በስልክ ሲነግራት ቢልቂስ አለቀሰች። «ቆርቆሮው ይቆይ! እዚህ የሰው ልጅ እያጠብኩ ሳሳድግ እናቴ ፊቴን እንኳ አትየኝ?» አለችው። እሱ ደግሞ የእህቱ እንባ አይሆንለትም። እሺ አለ።

«በል ስልኩን አምጣውና ከቴሌቪዥኑ ጋር ላገናኘው» አለ ተውፊቅ። «ልጅቷ ስትደውል ልክ አጠገብዎ የተቀመጠች ነው የምትመስልዎት እማማ።»

«አላህ ይስጥህ ልጄ» አሉ ኡሙሰልማ።

ቴሌቪዥኑ ከፋብሪካው የተጫነለትን ማሳያ ፊልም ይዞ በራ። ቀይና ቢጫ ዓሦች ሰማያዊ ውኃ ውስጥ ይተረማመሳሉ። ወዲያው ቢልቂስ በቀጠሮዋ ደወለች። ተውፊቅ ሪሞቱን ቢጫን፣ ቢጫን፣ ድምጿ ሱቁን ሞላው እንጂ መልኳ አልመጣም።

«ኔትወርኩ እየጎተተ ነው፣ አሁን ይመጣል» ብሎ ሳይጨርስ፣

«እማ! አየሽኝ?» አለች ቢልቂስ።

«አየሁሽ እንጂ!» አሉ ኡሙሰልማ፣ ፊታቸውን ወደ ዓሦቹ አቅንተው። «ማሻአላህ! ማሻአላህ! ፊትሽ እንዴት ወዛ ብሏል! አሁን ገና ልጄን ደህና አድርጌ አየኋት።»

ተውፊቅን ሳቅ መጣበትና መልሶ ዋጠው። ሪሞቱን እንደያዘ ቀረ። አብዱልባሲጥ አንዴ ዓሦቹን፣ አንዴ እናቱን አየ። እናቱ ፈገግ እንዳሉ ናቸው። በቴሌቪዥኑ ብርሃን ውስጥ፣ ሁለቱንም ብሌናቸውን እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ጋርዶት ተመለከተ።

«አልሓምዱሊላህ!» አለች ቢልቂስ በደስታ። «በቃ፣ የለፋሁት ለዚህ ነው። አብዱ፣ እንዳትከራከር፣ ግዛው! ማዳሜ እየጠራችኝ ነው፣ መልሼ እደውላለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ተውፊቅ ወግ የሚያውቅ ሰው ነው፤ «ሻይ ልዘዝላችሁ» ብሎ ወጣ። አብዱልባሲጥ ከወንበሩ ሥር ቁጢጥ አለ።

«እማ፣ ምንድን ነው ያየሽው?»

«እህትህን ነዋ።»

«ምን ለብሳ ነበር?»

ኡሙሰልማ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ።

«እማ፣ ቢልቂስ አልመጣችም። እዚያ ላይ ያለው ዓሣ ነው።»

እናት ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ወረደ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። «አወይ እኔ!» አሉ በመጨረሻ። «በሰው ፊት አዋረድኩህ አይደል?»

«ማዋረድ ምን አመጣው! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ። ባለፈው በጋ ከጎረቤታችን ከሐዋ ጋር ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። የዓይን ሞራ ነው፣ እናወጣልሻለን አሉኝ። እኔ እንቢ ብዬ መጣሁ።»

«ለምን? ለምን እማ?»

«ባይሆንልኝስ?» አሉ። «አሁን እኮ በሩን ከግድግዳው እለየዋለሁ። ሰው ሲገባ ጥላው ይታየኛል። ይቺኑ ብርሃን ቢያጠፉብኝስ? ቢልቂስ መጥታ በሩ ላይ ስትቆም ጥላዋን እንኳ ልይ ብዬ ነው የቆጠብኳት።»

አብዱልባሲጥ እሑድ እሑድ እየመጣ እናቱ ያቀረቡለትን በልቶ፣ ጋደም ብሎ፣ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ሽሮውን ከበርበሬው በማሽተት ሲለዩ አይቷቸዋል፤ እርጅና ነው ብሎ አለፈው። አሁን አፈረ። በራሱም ተናደደ፣ በእሳቸውም ተናደደ።

«ሐኪሞቹ እየቆየ ሲሄድ ይብሳል አላሉሽም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ ያቺ ያስቀመጥሻት ብርሃን ቢልቂስ እስክትመጣ የምትጠብቅሽ መስሎሽ ነው? ተነሺ፣ ዛሬውኑ እንሂድ።»

«አልሄድም።»

«እማ!»

«አልሄድም አልኩህ እኮ!»

እንቢ ካሉ እንቢ እንደሆኑ ያውቃል። አባቱ የሞቱ ጊዜ እህል አልቀምስም ብለው ሲተኙ ሽማግሌ ለምኖ፣ ጎረቤት ለምኖ፣ እሱም እግራቸው ላይ ወድቆ አልሆነም። ያስነሣቻቸው ቢልቂስ ናት። እሷ አንድ ነገር ካለች ግን እናቱ እንደ ልጅ ነው የሚታዘዙት። «እንግዲያው ለእሷ እነግራታለሁ» አለ።

ኡሙሰልማ እጃቸውን ሰደው ክንዱን ፈልገው ጨበጡት።

«ከረመዳን በኋላ ውሏ ያልቃል። እመጣለሁ ብላኛለች። ይህን ከሰማች ግን ለእማ ማሳከሚያ ብላ ሌላ ሁለት ዓመት ትፈርማለች። እኔ ልጄን ነው የምፈልገው። በአላህ ይዤሃለሁ! በጠባኸው ጡቴ ይዤሃለሁ! አንዲት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ!»

ያ ረቢ! ይህን የሰማ የወሎ ልጅ ምን መውጫ አለው? በእናት ጡት ተይዞ ቃሉን ያጠፈ ሰው ደግ ነገር አያገኘውም ሲባል ነው ያደገው። አብዱልባሲጥ አንገቱን ደፋ።

ተውፊቅ ሻዩን ይዞ ተመለሰ። ሁለቱንም አየት አደረገና፣ «ዛሬ ካልተመቻችሁ ይቆይላችኋል። ለሌላ አልሸጠውም» አለ፣ ቅድም የነበረው ድምቀት ከድምፁ ላይ ጠፍቶ።

«የለም፣ ጠቅልልልን ልጄ» አሉ ኡሙሰልማ። «እፊቱ እቀመጣለሁ፣ ድምጿን እሰማለሁ። እሷ ካየችኝና ደስ ካላት ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

ለአብዱልባሲጥ ያ ትልቅ መስታወት ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሎ፣ እናቱ እፊቱ ተቀምጠው «አየሁሽ፣ አየሁሽ» ሲሉ፣ ቢልቂስም በወዲያ አምና ደስ ብሏት ስታለቅስ ታየው። ሁሉም ደስ እንዳላቸው ያቺ የቀረች ብርሃን ትጠፋለች።

ስልኩ ጮኸ። ቢልቂስ ናት። አብዱልባሲጥ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከስልኩ ነቅሎ አነሣው። ኔትወርኩ ተስተካክሎ ኖሮ ፊቷ ጥርት ብሎ መጣ፤ ከስታለች፣ ትስቃለች።

«አብዱ! ገዛችሁት?»

ኡሙሰልማ የልጃቸውን ጉልበት ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ምነው ዝም አልክ? እማ ደህና ናት?»

አብዱልባሲጥ በግራ እጁ የእናቱን ሻሽ ከግንባራቸው ላይ ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ገፋው። በቀኙ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠጋ፣ ከዚያም ወደ ዓይናቸው፣ ነጩ ብሌን የስልኩን መስታወት ሙሉ በሙሉ እስኪሞላው ድረስ።

«አብዱ፣ ቀረበ እኮ፣ ምንድን ነው የምታሳየኝ?» አለች ቢልቂስ። ማዶ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

«እማ?» አለች። «እማ፣ ዓይንሽ!»

ኡሙሰልማ ስልኩን ለመግፋት እጃቸውን አነሡ። አብዱልባሲጥ አፉን አልከፈተም፤ ስልኩንም አላወረደም።