የጠጄ ጉሮሮ

«ጉሮሯቸው ባይታመም ኖሮ...» አለች ባለሱቋ ዙለይኻ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከፈቀደ አጠገብ ተቀምጣ እጁን እንደያዘች። «ስንት ጊዜ ዝንጅብል ሰጥቻቸዋለሁ። አልሻል አላቸው እንጂ።»

ፈቀደ አንገቱን ደፋ። እናቱ ጠጄ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ የጉሮሮዋን ነገር ሳያነሳ የሄደ ለቀስተኛ የለም። በአቃቂ ጠጄ ሙሾ ሳታወርድለት አፈር የለበሰ ሰው አልነበረም። የሟቹን ሥራና አመል ጠይቃ፣ ዘመድ የረሳውን ሳይቀር አንስታ ታስለቅስ ነበር። ያለፉትን አራት ዓመታት ግን ዝም አለች። አሁን በራሷ ለቅሶ ሴቶቹ ትንሽ ይንሰቀሰቁና ይተዉታል፤ ወጣቶቹ ነፍስ ይማር ብለው ስልካቸውን ይጎረጉራሉ። የሰው ሁሉ አልቃሽ ለራሷ አልቃሽ አጣች ሲባል ፈቀደ በጆሮው ሰምቷል።

ነገሩ የጀመረው የፈቀደ የመሥሪያ ቤት አለቃ አባት፣ ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ፣ የሞቱ ቀን ነው። ጠጄ ፈቀደ ሳይጠራት መጥታ ድንኳኑ መሀል ቆመች።

«ባቡር እንኳ ሲሄድ ፊሽካውን ይነፋል፣
ምነው ያንተ ጉዞ ድምፅ ሳይሰማ ያልፋል?»

አለቃው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። የቢሮ ባልደረቦቹ ግን በስልካቸው እየቀረጹ ሲሳሳቁ ፈቀደ አየ። መንገድ ላይ፣ «እማዬ፣ ሁለተኛ ሰው ፊት እንዲህ እንዳትሆኚ። አዋረድሽኝ» አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሷም በማግስቱ ዙለይኻ ሱቅ ሄዳ ለጉሮሮዬ ብላ ዝንጅብል ገዛች። እስክትሞት ድረስ ዝም ያሰኛት ልጇ መሆኑን ለማንም አልተናገረችም።

«ጉሮሮዋ ደህና ነበር» አለ ፈቀደ።

ዙለይኻ ቀና ብላ አየችው።

«ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። አፍሬባት ነው።»

ዙለይኻ እጁን ቀስ ብላ ለቀቀችው። ፈቀደ ከምስማር ላይ አውርዶ የለበሰውን የእናቱን ነጠላ ጨብጦ ተነሳና እሷ በሰው ለቅሶ ትቆም እንደነበረው ድንኳኑ መሀል ላይ ቆመ። እንዲህ ያለ እፍረት በዕድሜው አያውቅም።

«ባቡር እንኳ ሲሄድ ፊሽካውን ይነፋል...» አለ። የቀረው አልወጣ አለው።

ለዓመታት የጠጄን ሙሾ ትቀበል የነበረችው ዕፀገነት ከሴቶቹ መሀል ተነሳች።

«ምነው ያንቺ ጉዞ ድምፅ ሳይሰማ ያልፋል?»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ለቅሶው ድንኳኑን ሞላው። ዕፀገነት ወደ ፈቀደ መጣች፤ ፊቱን ግን አላየችውም። ነጠላውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ሂያጅ ጥለቱን ወደ ታች አድርጎ ነበር የለበሰው። ከትከሻው አነሳችና ለሐዘን እንደሚገባው አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን አንገቱ ሥር አድርጋ መልሳ አለበሰችው።