በሠልስቱ የቆመው ከበሮ

ከበሮው ድንገት ቆመ። ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ልብ አላሉትም፤ ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው ወርቅውሃ ግን ቀና አለች። የሰፈሩ የአል-ሳሃፋ ወጣቶች ከመንገዱ ማዶ ባንዲራ ሲሰቅሉ፣ ድምፅ ማጉያ ሲፈትሹ፣ ሲሳሳቁ ከጠዋት ጀምሮ ትሰማ ነበር። ውሃ ውስጥ ሆና የምትሰማው ያህል ከሩቅ ነበር። አሁን ያም ጠፋ።

«ምን ሆኑ?» አለች።

ልጇ ትሁት በመስኮት አየች። ጎረቤታቸው ሐጅ ኢድሪስ ልጆቹን ሰብስበው እያስቆሟቸው ነበር። «እዚህ ቤት ቢካ አለ፣ ኻላስ፣ በቃ፣ እያሏቸው ነው፣ እማዬ።» ካርቱም ተወልዳ ላደገችው ትሁት፣ «ለቅሶ» ከሚለው ይልቅ አፏ ላይ የሚቀድመው የሱዳኖቹ ቃል ነው።

ለቀስተኞቹ ሐጁን መረቁ። ከካላክላ ሰፈር በሃፍላ አውቶቡስ ተጋፍተው የመጡት ወይዘሮ ለተብርሃን፣ በሠልስት ቀን ጭፈራ ቢሰማ ነውሩ ለሰፈሩ ሁሉ ነበር አሉ። ወርቅውሃ ግን ባሏ ሰይፈሚካኤል ካረፈ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ከስስ መጋረጃ ጀርባ ያለ ይመስላታል። ሰዎች ይገባሉ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይሏታል፣ ከፍልሰታው ሽሮ ቀማምሰው ይወጣሉ፤ የአንዱ ፊት ከሌላው ይቀላቀልባታል። የጣሪያው ማራገቢያ ዞሮ የነጠላዎቹን ጫፍ ሲያነሳ፣ ቤቱ በሰዎቹ ተሞልቶ ቀስ እያለ የሚንሳፈፍ ይመስላታል።

በዚያ የነሐሴ ቀን ሱዳን የሕገ መንግሥት ሰነዷን ትፈርም ነበር። ሰይፈሚካኤል ያንን ቀን ሲጠብቅ ነው የሞተው።

ወርቅውሃ ሐሳቧ ሌላ ነሐሴ ውስጥ ገባ። አዲስ አበባ፣ ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፤ ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። ሰይፈሚካኤል ገና ከሕግ ትምህርት ቤት መውጣቱ ነው፤ አዲሱን ሕገ መንግሥት በሚያረቁት ሰዎች ቢሮ በጸሐፊነት ይሠራል። አንድ ማታ ጫማው ጭቃ እንደለበሰ እናቷ ደጃፍ ላይ ቆመ። ረቂቁ አለቀ አላት። ከእንግዲህ ሰው በጌቶች ፈቃድ ሳይሆን በሕግ ሊኖር ነው አላት። ሰርጋቸው ለመስከረም ተቀጥሮ፣ ጌሾው እንኳን ተወቅጦ ነበር።

«ትንሽ እናቆየው፣ ወርቄ» አለ። «ሕጉ ሲታወጅ እንጋባ። ደስታችን ከአገሩ ደስታ ጋር ይሁን።»

እሺ አለችው። ዓይኑ እንደዚያ ሲበራ እያየች እምቢ የምትልበት አንደበት አልነበራትም።

ሕጉ ሳይታወጅ ወታደሮቹ መጡ፤ ረቂቁም ረቂቅ ሆኖ ቀረ። ሰይፈሚካኤል ታሰረ። ሲፈታ፣ እግራቸው እየደማ በመተማ በኩል ድንበር ተሻገሩ። ገዳሪፍ ላይ አንድ ስደተኛ ቄስ ሳር ጎጆ ውስጥ አጋቧቸው። ዘፋኝም አጃቢም አልነበረም። ወርቅውሃ ያን ቀን የለበሰችው ከእናቷ ቤት ስትወጣ የለበሰችውን ነው።

ካርቱም ውስጥ ሰይፈሚካኤል በአስተርጓሚነት ኖረ። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ግን አንድ ቀን ሱፍ ልብሱን ይለብስና ግቢው ውስጥ ሆኖ፣ የመጣውን ሁሉ ሻይ እየጋበዘ ስላልታወጀው ሕግ ያወራል። እንግዶቹ ለይሉኝታ ፈገግ ይላሉ። ትሁት ታፍራለች። ወርቅውሃ ሻዩን አቅርባ ወደ ጓዳ ትመለሳለች። ላልተወለደ ልጅ የልደት በዓል ይከበራል ወይ ብላው ታውቃለች። ሰርጓን የበላባትን ነገር እንዴት ታወድሰው?

በመጨረሻው ሳምንት ጀብራ ሰፈር ካለ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሬዲዮኑን ከጆሮው አላርቅ ሲል፣ የሰው አገር ሕግ ላንተ ምንህ ነው ብላ ተቆጣችው።

«ለጎረቤት ሲዘንብ ሽታው እኛም ጋ ይደርሳል» አላት።

ከዚያ ወዲያ ብዙ አልተናገረም።

ሐጅ ኢድሪስ ወደ ሳሎኑ ሲገቡ ለቀስተኛው ቦታ ለቀቀላቸው። እጃቸውን ዘርግተው ለሟቹ ፋትሃቸውን ደገሙ፣ ፊታቸውን ዳበሱ፣ ተቀመጡ። ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ጠየቁ፤ ልጆች ናቸው፣ ረስተው ነው አሉ። ወርቅውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ሰው ፊት ጥርት ብሎ ታያት። እኒህ ሰው በረመዳን ማብቂያ ላይ ልጃቸውን በጥይት ተነጥቀዋል። ልጁ አደባባይ የወጣው ለዛሬው ቀን ብሎ ነው። ሐዘናቸው ላይ ሰይፈሚካኤል ከጎናቸው አልተለየም ነበር። አሁን ደግሞ እሳቸው የልጃቸውን ቀን ለእሷ ሲሉ ዝም አሰኙት።

«ልጆቹ ከበሮውን ይምቱ፣ ያ ሐጅ» አለች በዐረብኛ።

ሐጁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዐይብ፣ ነውር ነው፣ የትሁት እናት። የጎረቤት ሐዘን እያለ እንዴት ይሆናል?»

«የተላለፈ ድግስ ተመልሶ አይመጣም። እኔ ጠብቄ አይቼዋለሁ። ልጅዎ አላየውም። ባሌም አላየውም። እኛ እንኳን እንስማላቸው።»

ወይዘሮ ለተብርሃን፣ ሐዘን አእምሮዋን ነካው፣ ብለው ለጎናቸው አንሾካሾኩ። ሐጅ ኢድሪስ በጥምጥማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው ተነሡና ወጡ።

ከበሮው መጀመሪያ እየፈራ መጣ። ቀጥሎ ደፈረ፤ የሴቶቹ እልልታም ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ግቢውን ሞላው። ትሁት እናቷ የምትወድቅ መስሏት ልትይዛት ቀረበች። ወርቅውሃ ግን አልወደቀችም። ፍራሹ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለች፤ ከጎኗ ለሰይፈሚካኤል የሚበቃ ቦታ ለቃ፣ ጨርቁን በመዳፏ ቀስ አድርጋ አስተካከለችው።