የጀልባው ሰው ድንጋይ

«በልብሽ አይደለም። ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው» አላት ድንጋይ ጠራቢው።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቀና አለች። የመጣችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። የፊታችን እሑድ ድልድዩ አጠገብ፣ ከመንገዱ ዳር የመታሰቢያ ድንጋይ ይመረቃል፤ እስኪገለጥ ድረስ የሚሸፈንበትን ጨርቅ የምትሰፋው እሷ ናት። መታሰቢያው ደግሞ የአባቷ ነው። ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት አገሬውን በጀልባ ሲያሻግር የኖረው እሱ ነበር።

«ማንበቡ ለምን አስፈለገ፣ ጋሼ? ቆንጆ አድርገው ጽፈውታል።»

«እኔ ጋ ደንቡ ይሄ ነው። መጀመሪያ በጠመኔ እጽፋለሁ፣ ቤተሰብ ጮክ ብሎ ያነባል። ምላሱ የተያዘበትን አጠፋለሁ። መሮ ካረፈ በኋላ ማልቀስ የለም።» ጠመኔ የነካውን ጢሙን ጠረገ። «ባለፈው አንዱ የሚስቱን ሲያነብ "ከፊቷ ፈገግታ የማይጠፋ" የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቅ አፈነው። እሱንም አጠፋሁለት።»

በሩ ላይ ቆሞ የነበረው የኮሚቴው ሊቀመንበር አልሳቀም። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ስብሰባ ላይ የድምፅ ማጉያ አንዴ ከያዘ ስለማይለቅ ሰፈሩ «ማይክ» ይለዋል። ድንጋዩ ላይ ያሉትን ቃላት ያቀናበረው እሱ ነው።

እሷ ማንበብ ጀመረች። «በዚህ ወንዝ ላይ ለብዙ ዘመን ሕዝብ ያሻገሩ። የሌለውን በነፃ፣ የታመመውን በውድቅት…» እስከዚህ ድረስ ድምፅዋ ቀጥ ብሎ ሄደ። እውነት ነው፤ ስንቱን ምጥ የያዛት አሻግሯል። «ድልድዩ በተመረቀ ጊዜ ጀልባቸውን በደስታ አስረው፣ ከሁሉ ቀድመው በድልድዩ የተሻገሩ…»

«በደስታ» የሚለው ላይ ድምፅዋ ቀረ።

«እንደገና» አላት ድንጋይ ጠራቢው።

እንደገና ሞከረች። እዚያው ላይ ቆመች።

«ምን ሆነሻል እትዬ?» አለ ማይክ። «ስልክ ደውዬ "አባትሽ ድልድዩ ሲመረቅ ደስ አላቸው?" ስልሽ "አዎ" ብለሽኝ የለም እንዴ?»

ብላዋለች። ደንበኛ ቆሞባት፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ እንዳለች «አዎ፣ አዎ» ብላ ዘጋችው። ሌላውን ማይክ ከራሱ ጨመረበት።

ድልድዩ የተመረቀው በሠርጓ ሰሞን ነበር። የሙሽራው ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ «አንቺን ሙሽራ አድርጌ ሳላሻግር ይቺን ጀልባ አላስራትም» ይላት ነበር። ለዚያ ቀን የጀልባዋን ቀዳዳ ደፈነ፣ ከጎረቤት በተረፈ ሰማያዊ ቀለም ቀባት፣ መቀመጫዋ ላይ ምንጣፍ አነጠፈ፣ ያለችውን አንዲት ሙሉ ልብስ ለብሶ ወንዙ ዳር ወርዶ ጠበቀ። ሪባን የታሰረባቸው መኪኖች መጡ። ሚዜዎቹ «ድልድይ እያለ በጀልባ?» ብለው ሳቁ። ይሳቁ፤ እነሱ አይደሉም የወሰኑት። «የቀሚሴ ጫፍ ይረጥባል፣ በድልድዩ እንሂድ» ያለችው እሷ ናት።

ድልድዩ መሃል ሲደርሱ በመስኮት አየችው። ጀልባው ውስጥ ቆሞ፣ መቅዘፊያውን ይዞ ወደ ላይ ያያል። እጁን አነሳላት። እሷ ዓይነ ርግቧን ወደ ፊቷ ሳበች።

ሠርጉ ቤት ሲደርስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ነበር። «ቆየሁባችሁ?» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም። ከዚያ በኋላም ዕድሜ ሰጥቶት ብዙ ቆየ፤ ሊጠይቃት ሲመጣ ሁሌም በጀልባው ነው፤ ድልድዩን አንድም ቀን አልረገጠውም። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ዛሬ፣ ነገ፣ ለበዓሉ እያለች፣ ይቅርታዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀበረችው። እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

«ይሄ ውሸት ነው» አለች።

«እሺ፣ "በደስታ" የሚለው ይውጣ» አለ ማይክ። «"የተሻገሩ" ብቻ እንበል።»

«አልተሻገረም።»

«እትዬ፣ እሑድ እንግዶች አሉ። ድንጋዩን ያሠራልን የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ነው። በድልድዩ ደስ ያላለው ሰው መታሰቢያ እንዴት ተደርጎ ይመረቃል?»

«መምህር፣ እስቲ አንዴ ማይኩን ለልጅየዋ ልቀቅላት» አለ ድንጋይ ጠራቢው።

ባልዲ ውስጥ የነበረውን ጨርቅ ጨምቃ መስመሩን በሙሉ ጠረገችው። ነጩ ውሃ በድንጋዩ ላይ ወረደ።

«ቦታው ባዶ ከቀረ ሥራዬን ያልጨረስኩ ይመስላል» አላት ሽማግሌው ጠራቢ። «ምን ልጻፍበት?»

እርጥብ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። በመጨረሻ «"ድልድዩ በተመረቀ ሰሞን፣ ሙሽራ ልጃቸውን ሊያሻግሩ ጀልባቸውን አስጊጠው ጠበቁ" ብለው ይጻፉልኝ» አለችው።

ማይክ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ። «ከዚያስ? መጣች ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም እኮ። መንገድ ዳር ነው የሚቆመው፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያነበዋል። አንቺ ደግሞ የትም አልሄድሽም፣ እዚሁ ነሽ።»

«ይጠይቁኝ።»

ድንጋይ ጠራቢው ጠመኔውን አንስቶ ቀስ ብሎ ጻፈ። ሲጨርስ ገለል አለላት። አንድም ቦታ ሳትቆም አነበበችው። እሱም መሮና መዶሻውን አነሳ፤ ማይክ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ።

ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ፣ የድንጋዩን ቁመት ከአናቱ እስከ እግሩ ለካች።

«ጨርቁን አሳጥሪው እንጂ» አላት ሽማግሌው ከመሮው ቀና ሳይል። «እዚያ ወንዝ ዳር ጠዋት ጠዋት ሣሩ እርጥብ ነው። ጫፉ ይበላሽብሻል።»

«ይርጠብ» አለችና ሜትሩን እስከ መሬት ዘረጋችው።