ዶን ኒካኖር እንግዳ የሆኑበት ማለዳ

ዞይላ ከጀልባዋ ኋላ ባለችው ትንሽ መቆሚያ ላይ ወጥታ ረጅሙን የጀልባ መግፊያ እንጨት ወደ ውሃው ስታወርድ፣ አጎቷ ዶን ኒካኖር ከፊት ዘወር ብለው የእጇን አያያዝ ሊመለከቱ ሞከሩ።

«ወደ ፊት ይመልከቱ እንጂ፣ አጎቴ» አለች። «እንግዳ ወደ ኋላ አያይም።»

«እንግዳማ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። ዓሣው ፊቱ ተገትሮ እሱ ምሳዬ የታለ ይላል።»

መሃል ላይ፣ የበረዶው ሣጥን ላይ የተቀመጡት ዶን ጋስፓር ምሳ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሳቁና ሣጥኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

በዚያ የባሕር ዳር መንደር፣ ጥልቀት በሌለው ሣራማ ውሃ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ የመጣ እንግዳ እየመራ ያረጀ ሰው መግፊያውን በቃል ብቻ አያወርስም። በአንድ ማለዳ እሱ ራሱ በእንግዳ ቦታ፣ በጀልባዋ አፍንጫ ላይ የማጥመጃ ዘንግ ይዞ ይቆማል፤ ወራሹ ከኋላ ሆኖ ይገፋለታል። ውሃው ሸሽቶ ሣሩ ከመጋለጡ በፊት ፓሎሜታ የሚባለውን በቀላሉ የማይያዝ ዓሣ ካስያዘው መግፊያው የወራሹ ይሆናል፤ በመሪዎቹ ማኅበር ጀልባዎች እንግዳ የመምራት መብትም አብሮ ይመጣል። ካላስያዘው ግን መግፊያው በማኅበሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል። ምስክሩ መሃል ተቀምጦ ከማየትና አፉን ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም። ዶን ጋስፓር ማየቱ ላይ ጎበዝ ነበሩ።

ለዞይላ ያ ማለዳ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታልመው የኖረችው ነበር። የአጎቷ ልጆች ለሥራ ወደ ካንኩን ከተማ ሆቴሎች ሲሄዱ እሷ ቀረች፤ የነፋሱን አመል፣ የአሸዋውን ቀለምና ዓሣ ሲያልፍ ሣሩ የሚተኛበትን መንገድ ከእሳቸው ተማረች። ለዶን ኒካኖር ደግሞ ሌላ ነገር ነበረበት፤ እሱን ግን በመንደሩ ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም። ስንቱን የውጭ አገር ሰው ፓሎሜታ አስይዘው ሲያስጨፍሩ የኖሩት እኒህ ሰው፣ በገዛ እጃቸው አንድም ይዘው አያውቁም። መሪ ዘንግ አይነካም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ከኋላ ቆመው ነው።

ፀሐይዋ ከፍ ብላ ውሃው እንደ መስተዋት በጠራ ጊዜ፣ ዞይላ ከሣሩ ዳር ጥቁር ጅራቶች ብቅ ሲሉ አየች። እንደ መቀስ የተከፈሉ ናቸው። ዓሦቹ አፋቸውን ሣሩ ውስጥ ቀብረው ሸርጣን ይፈልጋሉ።

«በግራ በኩል፣ ሃያ ሜትር…» ብላ ሳትጨርስ ዶን ኒካኖር ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«አየኋቸው። ሦስት ናቸው፤ የፊተኛው ትልቅ ነው። ከፊቱ አንድ ሜትር አስቀድመህ ጣለው። አትቸኩል። አሁን። አሁን፣ ጣለው እንጂ።»

ማንም ምንም አልጣለም። ዘንጉ በብብታቸው ሥር ተወትፎ፣ መንጠቆው ላይ የታሰረችው ከሱፍ ክር የተሠራች ማታለያ ሸርጣን በጣታቸው መካከል እንደተያዘች ቀርታ ነበር። ዓሦቹ የተዘረጋውን ክንድ ጥላ አይተው እንደ ጭስ ጠፉ።

«ማንን ነው ጣለው የምትለው?» አሉ ዶን ጋስፓር በለሆሳስ። «እኔን ከሆነ ንገረኝ፤ ብርቱካን እየላጥኩ ነው።»

ዶን ኒካኖር በገዛ እጃቸው እንደ ባዕድ እቃ የተያዘውን ዘንግ ተመለከቱ። «ልማድ ነው» አሉ።

ሁለተኛው ጊዜ ከዚህ አልተሻለም። አንድ ብቸኛ ዓሣ ወደ እነሱ ሲመጣ ወረወሩ፤ ውርወራውም የሚያምር ነበር። ነገር ግን ዓሣው ሸርጣኗን መከተል በጀመረ ሰዓት ዞር ብለው «ጀልባዋን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ዞይላ፤ ነፋሱ እየገፋሽ ነው» አሉ። የተናገሩት እውነት ነበር። በዚያች ቅጽበት ክሩ ላላ፤ ዓሣውም ዓይኑን አዙሮ ሄደ።

«እኔን እየመሩኝ ነው» አለች ዞይላ።

«እየረዳሁሽ ነው።»

«እየረዱኝ መግፊያዬን ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነው።»

ውሃው መሸሽ ጀምሯል። በውሃው ዳር ከበቀሉት የማንግሮቭ ዛፎች በኩል የሣሩ ጫፎች መታየት ይዘዋል። ዶን ጋስፓር የብርቱካን ልጣጫቸውን በኪሳቸው ከተው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቀልድ ተናገሩ።

«ይሄ ሰውዬ ዓሣ እስካየ ድረስ እንግዳ አይሆንም፣ ልጄ።»

ዞይላ መግፊያውን ደግፋ ቆመች። አጎቷን ታከብራለች፤ ይህን ነገር ልትላቸው ግን ግድ ሆነባት።

«አጎቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

«ምን?»

«ይጨፍኑ። እኔ አይልዎታለሁ። እርስዎ ብቻ ይወርውሩ።»

«ዓይኔን ጨፍኜ ፓሎሜታ? ይሄን ነገር ጋስፓር ሄዶ ቢያወራ…»

«አወራለሁ» አሉ ዶን ጋስፓር። «ዛሬ ማታውኑ።»

ዶን ኒካኖር የእህታቸውን ልጅ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። የፀሐይ መነጽራቸውን አውልቀው ሸሚዛቸው ላይ ሰኩት፤ ተዘጋጅተው ቆሙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንዲያ ሆነው ሲታዩ ፊታቸው ሌላ ሰው መሰለ፤ ትከሻቸውም ወረደ።

ዞይላ ያለ ድምፅ ገፋች። መግፊያው ሣሩን እየነካ ሲወጣ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። ከአንዲት አሸዋማ ጉድጓድ ባሻገር አንድ ጅራት ወጣ፤ ተወዛወዘ፤ ሰመጠ።

«በግራ» አለች በቀስታ። «ከግራ እጅዎ ትይዩ። ሃያ ሜትር። ነፋስ ከኋላዎ ነው።»

አልጠየቁም። ክሩ ከራሳቸው በላይ ወደ ኋላ ተዘረጋ፣ ወደ ፊት ተዘረጋ፣ እንደገና ወደ ኋላ።

«ይጣሉት።»

ሸርጣኗ በሣሩ መካከል እንደ ቅጠል አረፈች።

«ይተዉት። አይንኩት። ዞሯል… አይቶታል። ትንሽ ይሳቡ። ይተዉት። መጣ። ይተዉት፣ አጎቴ፣ ይተዉት።» ዓሣው በአፉ ተደፋ፤ ጥቁሩ ጅራት ከውሃው ወጥቶ አየር ላይ ተንቀጠቀጠ። «ይሳቡ።»

ሳቡ። ክሩ ተወጠረ። ዶን ኒካኖር ዓይናቸውን ሲገልጡ ውሃው ለሁለት ተሰንጥቆ አንድ ብርማ ነገር ወደ ጥልቁ ይከንፍ ነበር፤ የክሩ መጠቅለያ ይጮኻል፤ እሳቸውም እንደ መጀመሪያ ቀን እንግዳ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ምን ላድርግ?» አሉ።

ዶን ጋስፓር ከሣጥኑ ላይ ተነሥተው ቆሙ። «ምን ላድርግ አለ። ሰማሽው? ምን ላድርግ አለ።»

«ዘንጉን ቀና ያድርጉት፤ ይሩጥ፤ አይጎትቱት» አለች ዞይላ። ጀልባዋ ዓሣውን እንድትከተል በሙሉ ጉልበቷ መግፊያውን ወደ ታች ተከለችው። ጭቃው ዋጠው። ልትነቅለው ብትታገል አልተነቀለም፤ ልትለቀው ደግሞ ልቧ እምቢ አለ። ጀልባዋ ከእግሯ ሥር ቀስ ብላ ተንሸራተተች። ዞይላ መግፊያውን እንዳቀፈች፣ እንደ ሰንደቅ ዓላማ ምሰሶው ላይ ጥቂት ተንጠለጠለች፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወርዳ ጉልበቷ ድረስ በሚደርሰው ውሃ ውስጥ ቆመች።

ሁለቱ ሽማግሌዎች እየራቁ ነበር። ሁለቱም ይስቁ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ዓሣ ይዞ ነበር።

መግፊያውን እዚያው ትታው ሮጠች። ሣሩ እግሯን እየተበተበ፣ ትናንሽ ዓሦች ከፊቷ እየተበተኑ፣ ውሃ እየረጨች ጀልባዋ ላይ ደረሰች። ዓሣው ደክሞ ነበር። ሰፊ ጎኑን እያሳየ ሁለቴ አመለጣት፤ በሦስተኛው የጅራቱን ሥር በመዳፏ ጨበጠች።

ዶን ኒካኖር ወደ ውሃው ወረዱ። እሷ እንዴት እንደሚያዝ አሳየቻቸው፤ እሳቸውም እንደማያውቅ ሰው በትሕትና ተቀበሉ። ትልቁን ጥቁር ዓይን ከቅርብ አዩት። ዓሣውን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ እስኪያገግም ጠብቀው ለቀቁት፤ ጉንጫቸው ረጥቦ ነበር፤ ዞይላም የባሕር ውሃ ነው ብላ አለፈችው።

«መግፊያሽ እዚያ ቆሟል» አሉ በመጨረሻ፣ ራቅ ብሎ ከውሃው መሃል ብቻውን የተተከለውን እያሳዩ።

«መግፊያሽ» አሉ ዶን ጋስፓር። «ሰምቻለሁ። ምስክር ነኝ።»

ዞይላ ወደ አጎቷ ዞረች። «በሥርዓቱ እርስዎ ነዎት በእጅዎ የሚያስረክቡኝ።»

ዶን ኒካኖር ጀልባዋ ላይ ወጡ፤ አፍንጫዋ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉ።

«እኔ እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ መግፊያ አይነካም። በዚያ ላይ ርቦኛል። ምሳዬ የታለ?»

ዞይላ እየሳቀች ወደ መግፊያው ተመለሰች። በሁለት እጇ ይዛ ስትታገለው ከጀልባዋ የሁለት ሰው ምክር ባንድ ጊዜ ተሰማ፤ አንዱ ወደ ግራ አጣምሚው ይላል፣ ሌላው ወደ ቀኝ። እሷ ሁለቱንም አልሰማችም። ወደ ጭቃው ጎንበስ ብላ፣ ከሥሩ ይዛ፣ በራሷ መንገድ ነቀነቀችው። መግፊያው ድንገት ሲላቀቅ በጀርባዋ ወደቀች፤ ከነመግፊያው ውሃው ውስጥ ተቀምጣ ሳለች፣ እነሱ ምሳቸውን ሲከፍቱ አየች።